ከኮዬ ፈጬ ወደ ሙኒክ፦ ውድ ከተማ ላይ ሠርቶ ለመኖር ዝርዝር መመሪያ

በ2025 የጀርመንን ብሉ ካርድ (ለባለሙያ የሚሰጠውን የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ) ለማግኘት የሚጠየቀው ዝቅተኛ ደሞዝ በዓመት 48,300 ዩሮ ነበር። ለ12 ሲካፈል በወር 4,025 ዩሮ ይመጣል። ዩሮን በ150 ብር ብቻ ብናስበው እንኳ ከ600 ሺህ ብር ያልፋል። ኮዬ ፈጬ ወይ ለገጣፎ ቁጭ ብሎ ይህን የደመረ ሰው ያን ሌሊት እንቅልፍ አይወስደውም።

ስሌቱ ልክ ነው። የሚጠቅመው ግን ለወሬ ብቻ ነው። ደሞዙ በዩሮ ይገባል፣ አብዛኛውም እዚያው በዩሮ ይወጣል። ስለዚህ ከሁሉም በፊት አንድ ነገር እንስማማ። ደሞዙን በብር አትመንዝሩ። በቤት ኪራይ መንዝሩት። ከዚህ በታች የምጽፈው በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ሙኒክን የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው። በቤት ኪራይ ከጀርመን ትልልቅ ከተሞች የሚያህለው የለም። ቢኤምደብሊው፣ ሲመንስና አሊያንዝ ዋና መሥሪያ ቤታቸው እዚያ ስለሆነ ሥራውም ሰዉም ወደዚያ ይጎርፋል። አምስተርዳም ወይም ዙሪክ ለምታስቡም ቅደም ተከተሉ ይሠራል፤ ሕጉና ቁጥሩ ግን የየአገሩ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ብዙዎቹ ቁጥሮች በየዓመቱ ስለሚቀየሩ ከማመልከታችሁ በፊት የወቅቱን አረጋግጡ።

አንደኛ፦ በየትኛው በር ነው የምትገቡት?

"ውጭ መሄድ እፈልጋለሁ" ምኞት እንጂ እቅድ አይደለም። ቪዛ የሚሰጠው ለምክንያት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ምክንያታችሁን ምረጡ።

ዲግሪና የሥራ ውል ላለው ሰው ምርጡ በር ብሉ ካርድ ነው። ደሞዙ ከላይ ያልኩት ሲሆን፣ የሰው እጥረት ላለባቸው ሙያዎች ዝቅ ይላል። ለምሳሌ ለኢንጂነር፣ ለሐኪምና ለአይቲ ባለሙያ በ2025 43,759.80 ዩሮ ይበቃ ነበር። ከተመረቁ 3 ዓመት ላልሞላቸውም እንደዚሁ። አይቲ ላይ የሚሠራ ሰው ዲግሪ ባይኖረውም፣ ባለፉት 7 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ የ3 ዓመት ልምድ ካለው ማመልከት ይችላል። ይህን ብዙ ልጆች አያውቁትም።

ነርስ ከሆናችሁ መንገዱ ሌላ ነው። ሙያው ቁጥጥር ያለበት ስለሆነ ዲግሪያችሁ እዚያ እውቅና ማግኘት አለበት። ጀርመንኛም እስከ ቢ2 ይጠየቃል (የቋንቋ ደረጃው ከጀማሪው ኤ1 ተነስቶ ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2 እያለ ይወጣል)። ረጅም ነው፤ ግን ፈላጊው ብዙ ነው።

12ኛን ጨርሶ ገና ሙያ ላልያዘ ወጣት አውስቢልዱንግ አለ። እየሠሩ የሚማሩበት፣ ብዙ ጊዜ 3 ዓመት የሚፈጅ ሥልጠና ነው። አሠሪው በየወሩ አበል ይከፍላል። ሆኖም በዚያ አበል ሙኒክ ውስጥ መኖር ከባድ ነው። ማደሪያ የሚሰጥ አሠሪ ካላገኛችሁ ሥልጠናውን አነስ ባለ ከተማ ጀምሩ ባይ ነኝ።

አራተኛው ቻንሰንካርተ ነው። ከሰኔ 2024 ጀምሮ የሚሰጥ፣ ሥራ ፈልጉ ተብሎ እስከ አንድ ዓመት የሚያስቆይ ካርድ ነው። በነጥብ ይሠራል፤ ቢያንስ 6 ነጥብ፣ እንዲሁም ጀርመንኛ ኤ1 ወይም እንግሊዝኛ ቢ2 ይፈልጋል። በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይፈቅዳል። ቲክቶክ ላይ የሚወራለት እሱ ነው። ግን በ2025 ራሳችሁን እንደምትችሉ ለማሳየት በወር 1,091 ዩሮ ይጠየቅ ነበር። የአንድ ዓመቱ 13,092 ዩሮ ነው። ያን ሁሉ ገንዘብ አዋጥቶ፣ ያለ ሥራ፣ ጀርመን ውስጥ ኪራይ ወደሚብስበት ከተማ መሄድ አይታየኝም። ውል ይዛችሁ ሂዱ።

ሁለተኛ፦ ወረቀት

ብዙ ሰው የሚዘገየው ኤምባሲ ሳይሆን እዚሁ ነው። ስለዚህ ሥራ መፈለግ ከመጀመራችሁ በፊት ወረቀቱን ጀምሩ።

መጀመሪያ አናቢን የሚባለውን የጀርመን የመረጃ ቋት ኢንተርኔት ላይ ክፈቱ። ነጻ ነው። ዩኒቨርሲቲያችሁ "ኤች ፕላስ" (እውቅና ያለው ማለት ነው) ተብሎ ከተመደበና የዲግሪው ዓይነትም ተዘርዝሮ ከተገኘ፣ ያን ገጽ አትማችሁ ታያይዛላችሁ። ካልተገኘ፣ የውጭ ትምህርትን የሚመዝነው ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት የንጽጽር ማስረጃ እንዲሰጣችሁ ታመለክታላችሁ። ክፍያው 208 ዩሮ ነው። በግል ኮሌጅ የተማራችሁ ይህን በተለይ ቀድማችሁ እዩ።

ቀጥሎ ዋናው ዲግሪ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እጁ ላይ ያለው ቴምፖራሪና ስቱደንት ኮፒ ነው። ዋናውን ለማውጣት የኮስት ሼሪንግ ዕዳ ተከፍሎ ክሊራንስ ማምጣት ያስፈልጋል። የተማራችሁት ጎንደር ወይ ጅማ ከሆነ ይህ አንድ ሙሉ ጉዞ ነው። ስትሄዱ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱንም አብራችሁ ጨርሱ። ለአንድ ወረቀት ሁለቴ መመላለስ ገንዘብም ወኔም ይጨርሳል።

የልደት ሰርተፍኬትም አለ። ብዙዎቻችን ስንወለድ የመዘገበን የለም። አሁን የሚወጣው ከወረዳው የወሳኝ ኩነት ክፍል ነው። ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ ወይም ሱሉልታ የምትኖሩ በሸገር ከተማ ሥር ስለሆናችሁ ጉዳያችሁ ከአዲስ አበባ ወረዳ ጋር አይደለም። አዲስ አበባ ተሰልፋችሁ ከሰዓት በኋላ "ይህ የኛ አይደለም" ከምትባሉ ቀድማችሁ ጠይቁ። ላገባ የጋብቻ፣ ላላገባም ያላገባ ማስረጃ አብሮ ቢወጣ አይከፋም።

አሁን ትንሽ ላተኩርበት የምፈልገው ጉዳይ አለ። ስምና ቀን።

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ጀርመኖች ግን ያለሱ አንድ ቅጽ አይሞሉም። ፓስፖርታችሁ ላይ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የተጻፈው የአያት ይሁን የአባት፣ እዚያ ዕድሜ ልክ የምትጠሩበት እሱ ነው። ስለዚህ በሁሉም ወረቀት ላይ እንደ ፓስፖርቱ ይጻፍ። ችግሩ የፈረንጅ ፊደል ነው። "ፀሐይ" ዲግሪው ላይ በአንድ ዓይነት፣ ፓስፖርቱ ላይ በሌላ፣ ልደት ሰርተፍኬቱ ላይ በሦስተኛ ዓይነት ይጻፋል። ለኛ አንድ ሰው ናት። ለቪዛ ክፍሉ ግን ሦስት ሰው ልትመስል ትችላለች። ፓስፖርት ከሌላችሁ ዲግሪው ላይ እንዳለው አስጽፉ። ካላችሁ ደግሞ የተሳሳተውን ወረቀት አሁኑኑ አስተካክሉ።

የትውልድ ቀንም ያው ነው። መስከረም ላይ የተወለደን ሰው ሲቀይሩ 7 ዓመት የሚጨምሩበት፣ ጥር ላይ የተወለደን 8 የሚጨምሩበት ምክንያት የፈረንጆች አዲስ ዓመት መሐል ስለሚገባ ነው። ጳጉሜን የተወለደማ ይቅር ይበለው። ፋይዳው ላይ፣ ፓስፖርቱ ላይና ልደቱ ላይ ያለው ቀን አንድ መሆኑን ራሳችሁ በጣታችሁ እየቆጠራችሁ አረጋግጡ። ጸሐፊው ልክ ነው ብላችሁ አትመኑ።

ሁሉ ሲያልቅ ውልና ማስረጃ፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጥ የተለመደው መንገድ ነው። ትርጉሙን ፈቃድ ባለው ተርጓሚ አሠሩ። የትኛው ወረቀት በየትኛው ቋንቋ እንደሚፈለግ ኤምባሲው በቪዛው ዓይነት ለይቶ በዝርዝር ያወጣል። ከዚያ ዝርዝር ውጭ በሰፈር ወሬ ተነስታችሁ አታስተርጉሙ። ገንዘብ ነው።

ሦስተኛ፦ ቋንቋ

አይቲ ከሆናችሁ በእንግሊዝኛ ሥራ ይገኛል። ቤት ግን በእንግሊዝኛ ማግኘት ከባድ ነው። አዲስ አበባ ያለው ጎተ ኢንስቲትዩት ከ1962 ጀምሮ የቆየ ነው፤ ያስተምራልም፣ ይፈትናልም። ከኮዬ ወይ ከሰበታ በየቀኑ መመላለስ ለማይችል ቤት አጥንቶ ለፈተናው ብቻ መመዝገብም ያዋጣል። ቢያንስ ኤ2 ይዛችሁ ብትሄዱ አከራይ ስልክ ሲያነሳ የምትሉትን አታጡም።

አራተኛ፦ ሥራ ማግኘትና ውሉን ማንበብ

የጀርመን መንግሥት "ሜክ ኢት ኢን ጀርመኒ" የሚል ድረ ገጽ አለው፤ የሥራ ማስታወቂያም፣ የቪዛ መረጃም እዚያ ይገኛል። ሊንክድኢንንም ተጠቀሙ። ሲቪው ከሁለት ገጽ አይብለጥ። ያደረጋችሁትን በቁጥር ጻፉት።

ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ነው። እዚህ ላይ ዳር ከተማ የሚኖር ሰው የራሱ ፈተና አለው። መብራት ይሄዳል፣ ከመብራቱ ጋር ዋይፋዩም ይሄዳል። ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ ይሁን። ስልካችሁ ላይ የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም ዳታ ይኑር። አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይይዛል። ጎረቤት ግንባታ ካለ ደግሞ ሌላ ቤት ፈልጉ፤ የግራይንደር ድምፅ ላይ ሆኖ ስለ ራስ መናገር አይቻልም።

ሰዓቱን አትሳቱ። በክረምታቸው ሙኒክ ከኛ 2 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ በበጋቸው 1 ሰዓት። የሚቀየረው በመጋቢትና በጥቅምት ወራቸው የመጨረሻ እሑድ ነው። ስለዚህ በጥር "10 ሰዓት ጠዋት" ያሏችሁ በኛ ቀን 6 ሰዓት ነው፤ በሐምሌ ግን 5 ሰዓት። ካላንደሩ ላይ ሁለቱንም ጻፉ።

ውሉ ሲመጣ የደሞዙን ቁጥር አይታችሁ ብቻ አትፈርሙ። የሙከራ ጊዜው ስንት ወር ነው? በሕግ ከ6 ወር አይበልጥም። በዚያ ጊዜ ውስጥ በ2 ሳምንት ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቷችሁ ይችላሉ። የዓመት ፈቃዱ ስንት ቀን ነው? በሳምንት 5 ቀን ለሚሠራ ዝቅተኛው 20 ነው፤ ብዙዎች ከዚያ በላይ ይሰጣሉ። ከሁሉም በላይ ግን ስለ ቤት ጠይቁ። እኔ ብሆን 2 ሺህ ዩሮ የዓመት ጭማሪ ከምጠይቅ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ማረፊያ እንዲሰጡኝ እጠይቃለሁ። ትልልቅ ድርጅቶች የሠራተኛ ቤት ወይም የመዛወሪያ ድጋፍ ሊኖራቸው ይችላል። ያልጠየቀ ግን አይነገረውም።

አምስተኛ፦ የተጣራውን አስሉ

ውሉ ላይ ያለው 4,025 ዩሮ ኪሳችሁ አይገባም። የገቢ ግብር አለ። የጡረታ መዋጮው 18.6 በመቶ ሲሆን ግማሹን እናንተ ትከፍላላችሁ። የጤና መድኅኑ 14.6 በመቶና ተጨማሪ ነው፤ እሱም ለሁለት ይከፈላል። የሥራ አጥነትና የእንክብካቤ መድኅንም አለ። ልጅ የሌለው ከ23 ዓመቱ ጀምሮ ለእንክብካቤው ትንሽ ይጨምራል። ያላገባ ሰው በዚህ ሁሉ አልፎ እጁ የሚገባው ወደ 2,600 ዩሮ አካባቢ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ግብር የሚባልም አለ። በባቫሪያ ከገቢ ግብሩ ላይ 8 በመቶ ነው። የሚመለከተው የካቶሊክና የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትን አባላት ነው። ኦርቶዶክስና ሙስሊም አይከፍሉም። ስትመዘገቡ ሃይማኖት የሚል ቦታ ታገኛላችሁ። ኦርቶዶክስ የሆነ ሰው "ክርስቲያን ነኝ" ሲል በስህተት ከሌላው ጋር እንዳይመደብ ቃሉን በትክክል ይሙላ።

አሁን 2,600ውን በኪራይ እንመንዝረው። ሙኒክ ውስጥ ከሰው ጋር በሚጋሩት ቤት አንድ ክፍል ወደ 800 ዩሮ ነው። ለብቻ የሆነች አንድ ክፍል ከነማሞቂያዋ ከ1,000 በታች ማግኘት ብርቅ ነው። በመላ አገሪቱ የሚያስኬደው የባቡርና የአውቶብስ ወርሃዊ ትኬት በ2025 58 ዩሮ ነበር፤ በ2026 63 ሆኗል። የቴሌቪዥንና ሬዲዮ ክፍያ በአንድ ቤት በወር 18.36 ዩሮ ነው፤ ቴሌቪዥን ባይኖራችሁም ይከፈላል፣ ተጋርታችሁ ከኖራችሁ ግን ለሁሉም አንድ ነው። ራሱ የሚያበስል ሰው በ300 ዩሮ ይመገባል። ስልክና ኢንተርኔት ጨምሩ። ክፍል የተጋራ ሰው 1,200 ዩሮ ገደማ ሊተርፈው ይችላል። ለብቻው የተከራየ ብዙ ያነሰ። ባለትዳርና ሁለት ልጅ ያለው በዚያው ደሞዝ አራት ሆኖ ቢመጣ ግን ለቤቱ ብቻ ከግማሽ በላይ ይሄድበታል። ለዚህ ነው አንዱ ቀድሞ ሄዶ ቤት ይያዝ፣ ቤተሰቡ ይከተል የምለው። የብሉ ካርድ ባለቤት የትዳር ጓደኛ ጀርመንኛ እንድታውቅ ቀድሞ አትጠየቅም፤ ስትደርስም መሥራት ትችላለች።

ስድስተኛ፦ ቪዛ

የጀርመን ኤምባሲ ቀበና ነው። ከ2025 መግቢያ ጀምሮ የጀርመን ቪዛ ክፍሎች በኢንተርኔት ማመልከቻ ይቀበላሉ። ሰነዱን ቀድሞ አስገብቶ፣ አሻራና ዋናውን ወረቀት በቀጠሮ ቀን ማቅረብ ነው። የረጅም ጊዜ ቪዛ ክፍያ 75 ዩሮ ነው።

ወረፋው ከረዘመ አሠሪያችሁን የተፋጠነውን ሂደት እንዲጀምር ጠይቁት። እዚያ ላለው የውጭ ዜጎች ቢሮ 411 ዩሮ ይከፍላል። ቅድመ ፈቃዱ ሲወጣ ኤምባሲው በ3 ሳምንት ውስጥ ቀጠሮ መስጠት አለበት። በእውነት የሚፈልጋችሁ አሠሪ አያመነታም። የሚያመነታ ከሆነም ቀድሞ ማወቁ ጥሩ ነው።

"ቀጠሮ አስይዛለሁ"፣ "ውል አለኝ" የሚል ደላላ ሲመጣ ሂሳቡ ቀላል ነው። እውነተኛ አሠሪ ለመቀጠር አያስከፍልም። ቀጠሮም አይሸጥም። ሐሰተኛ ወረቀት ከተገኘባችሁ የምታጡት ገንዘቡን ብቻ አይደለም፤ ቀጣዩ ማመልከቻም ይበላሻል።

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ቀጠሮ ካላችሁ ከቱሉ ዲምቱ ወይ ከሰበታ በዚያው ጠዋት አትነሱ። ዘመድ ቤት፣ መሐል ከተማ እደሩ።

ሰባተኛ፦ ይዞ የሚኬድ ገንዘብ

ደሞዝ የሚከፈለው ወሩ ሲያልቅ ነው። እስከዚያ ማረፊያ፣ ምግብና የቤት ማስያዣ አለ። ማስያዣው በሕግ ከ3 ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ያውም ማሞቂያና ውሃ ሳይጨመር ያለው ኪራይ ነው። በ3 ጊዜ ከፍሎ የመክፈል መብትም አላችሁ። የመጀመሪያው ቤቱን ስትረከቡ፣ የቀረው በቀጣዮቹ ሁለት ወራት። ብዙ አከራይ ይህን አይናገርም፤ እናንተ ተናገሩ።

ማረፊያ የማይሰጥ አሠሪ ጋር የሚሄድ ሰው ከ4,000 እስከ 5,000 ዩሮ ቢይዝ ይተነፍሳል። በ150 ብር እንኳ ከ600 እስከ 750 ሺህ ብር ነው። ከሐምሌ 2024 በፊት ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ነበር፤ ምንዛሪው በገበያ ሲወሰን ይህ ሁሉ ሸክም ጨመረ። እቁብ ካላችሁ ዕጣው ከቪዛው ቀን ጋር እንዲገጥም ከዳኛው ጋር ተነጋገሩ። ባንኮች ለተጓዥ በፓስፖርት፣ በቪዛና በትኬት የውጭ ምንዛሪ ይሸጣሉ። አንዱ ባንክ የለም ቢላችሁ ሌላውን ሞክሩ፤ ቪዛው እንደተመታ ጀምሩት እንጂ የመጨረሻው ሳምንት ላይ አትድረሱ።

ስምንተኛ፦ ቤት ፍለጋ

ከባዱ ይሄ ነው። ለአንድ ማስታወቂያ እጅግ ብዙ ሰው ይጽፋል። ኢሞስካውት24 ለሙሉ ቤት፣ ቬጌ ገዙኽት (WG-Gesucht) ለጋራ ቤት ክፍል ዋናዎቹ ድረ ገጾች ናቸው። አጭር ደብዳቤ በጀርመንኛ አዘጋጁ፤ ማን እንደሆናችሁ፣ የት እንደምትሠሩ፣ የተጣራ ደሞዛችሁ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደምትገቡ። ሲጋራ የማታጨሱ ከሆነ ያም ይጻፍ። የሥራ ውሉን ቅጂ ያዙ። አከራዮች ሹፋ የሚባል የብድር ታሪክ ማስረጃ ይጠይቃሉ። አዲስ ገቢ ታሪክ ስለሌለው ውሉና የአሠሪው ደብዳቤ ይተኩታል።

ማስታወቂያ ላይ ሁለት ዓይነት ኪራይ አለ። ካልትሚተ ባዶ ኪራዩ ነው። ቫርምሚተ ማሞቂያና የጋራ ወጪ የተጨመረበት ነው። በጀታችሁ በሁለተኛው ይሠራ። መብራትና ኢንተርኔት ብዙ ጊዜ ከዚያም ውጭ ናቸው። ሌላ የሚያስደነግጥ ነገርም አለ፦ ዕቃ ያልገባለት ቤት ሲባል ኩሽናም ላይኖረው ይችላል። ምድጃ የለም፣ ሲንክ የለም፣ አምፖል የሚሰቀልበት ሽቦ ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ለጀማሪ ዕቃ የገባለት ወይም የጋራ ቤት ይሻላል።

አጭበርባሪውን በአንድ ምልክት ታውቁታላችሁ። ቤቱን ሳታዩ ገንዘብ ይጠይቃል። "አሁን ለንደን ነኝ፣ ማስያዣውን ላክ፣ ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ" ይላል። ዋጋው ከሰፈሩ በጣም ርካሽ ነው፣ ፎቶው በጣም ያምራል። አዲስ አበባ ሆናችሁ የረጅም ጊዜ ቤት አትያዙ። መጀመሪያ ለ1 ወይም 2 ወር ጊዜያዊ ክፍል ያዙና እዚያ ሆናችሁ ፈልጉ። ጊዜያዊውን ስትይዙ አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ "በዚህ አድራሻ መመዝገብ እችላለሁ ወይ?" አይቻልም ካሉ ተዉት። ለምን እንደሆነ ከታች አለ።

መሐል ከተማ ካልሆነ አትበሉ። ኮዬ ኖሮ ስታዲየም ሲሠራ ለኖረ ሰው ዳካው ወይም ፍራይዚንግ ሩቅ አይደለም፤ ባቡር አለ። ኤርዲንግም በከተማ ዳር ባቡር ይደረሳል። አውግስቡርግ ሌላ ከተማ ነው፣ ግን በፈጣን ባቡር ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ነው፤ ኪራዩም ይቀንሳል። ወርሃዊ ትኬቱ ለክልል ባቡሮች ይሠራል፤ ለፈጣኑ ግን አይሠራም።

ዘጠነኛ፦ እዚህ የምትተዉት

ኮንዶሚኒየም ካላችሁ ለምትተማመኑበት ሰው ውክልና ስጡ፤ በውልና ማስረጃ። ውክልናው ምን ምን እንደሚፈቅድ በግልጽ ይጻፍ። ማከራየት፣ የባንክ ዕዳ መክፈል፣ ውሃና መብራት ማስገባት አንድ ነገር ነው፤ መሸጥ ሌላ ነው። ለመሸጥ የሚል ቃል በግልጽ ካልሰፈረ ተወካዩ መሸጥ አይችልም። ስለዚህ መሸጥ ካላሰባችሁ አታስጽፉት፣ የወንድም ልጅ ቢሆንም። የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2024 ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይላል። ልታከራዩ ከሆነ ይህን አስቡ፤ ከዓመት በኋላ ተመልሼ እገባለሁ ብላችሁ አታከራዩ።

እድሩን አትልቀቁ። ወርሃዊውን የሚከፍል ሰው መድቡ፤ ወላጅ እዚህ ካለ ይህ ከምንም በላይ ነው።

አሥረኛ፦ ሻንጣ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀጥታ ፍራንክፈርት ይበራል። ከዚያ ሙኒክ በፈጣን ባቡር 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

እናቶች ልብ ይበሉልን፦ ሥጋና የወተት ውጤት ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ ጉምሩክ ላይ ይወሰዳሉ። ማር እስከ 2 ኪሎ ይገባል። በርበሬና ሽሮ በደንብ ታሽጎ ይሂድ። ጫት ጀርመን ውስጥ በአደንዛዥ ዕፅ ሕግ የተከለከለ ነው፤ ለሰው አድርስልኝ ቢሏችሁም አትቀበሉ። ወፍራም ጃኬት እዚያ ግዙ። ዋናው ዲግሪና ሰነዱ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አይግባ።

ጀበና ይዛችሁ ሂዱ። ግን ቤቱ ጣሪያ ላይ የጭስ ማስጠንቀቂያ አለ። ቡና ስትቆሉና ዕጣን ስታጨሱ መስኮት ክፈቱ፤ አለበለዚያ ሕንጻው በሙሉ ይነሳል።

አሥራ አንደኛ፦ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ቤት በገባችሁ በ2 ሳምንት ውስጥ አድራሻችሁን ታስመዘግባላችሁ። አንሜልዱንግ ይባላል። ፓስፖርትና አከራዩ የፈረመው የመግቢያ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። የቢሮው ቀጠሮ ስለሚጣበብ ከአዲስ አበባ ሆናችሁ በኢንተርኔት ያዙት። ብዙው ነገር የተንጠለጠለው በዚህ ወረቀት ላይ ነው። የግብር ቁጥራችሁ ከዚህ በኋላ በፖስታ ይመጣል፤ ዘግይቶ አሠሪው ካላገኘው የመጀመሪያው ደሞዝ ላይ ግብሩ በከፍተኛው ሊቆረጥ ይችላል፤ በኋላ ይመለሳል። ባንክ፣ የጤና መድኅን ካርድና የመኖሪያ ፈቃዱም አድራሻ ይጠይቃሉ።

እኛ አገር ደብዳቤ ፖስታ ሳጥን ነው የሚገባው። እዚያ ፖስተኛው በር ድረስ ይመጣል፣ ግን የሚያስገባው ስም በተለጠፈበት ሳጥን ብቻ ነው። በጋራ ቤት ብትኖሩም ስማችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉ። ያልለጠፈ ሰው ደብዳቤው ተመልሶ ይሄድበታል፤ ቀጠሮውም ያልፍበታል።

ሱቆች እሑድ ዝግ ናቸው፤ በባቫሪያ በሌላው ቀን አብዛኛው ማታ 2 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ቅዳሜ ሳይመሽ ግዙ። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ መኖሪያ ከያዛችሁ ለ6 ወር ብቻ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ በጽሑፍም በተግባርም ተፈትኖ የጀርመኑን ማውጣት ነው።

ገንዘብ ስለ መላክ ከመሄዳችሁ በፊት ከቤተሰብ ጋር ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። ማስያዣው እስኪከፈል፣ ቋሚ ቤት እስኪያዝ ድረስ የመጀመሪያዎቹን 6 ወራት አትጠብቁኝ በሉ። እዚያ ሆኖ በስልክ "የለኝም" ማለት በጣም ይከብዳል፤ ማንም አያምንም። እዚህ ቡና ላይ፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ አውጥቶ፣ ይህ ለኪራይ ይህ ለግብር ብሎ ማሳየት ግን ይቻላል። ከዚያ በኋላ በየወሩ የምትልኩትን መጠን ወስኑ፤ በባንክ ወይም በሕጋዊ ላኪ ይሁን።

ብሉ ካርድ ያለው ሰው ጡረታ እየከፈለ ሲሠራ ከ27 ወር በኋላ ቋሚ መኖሪያ ማመልከት ይችላል፤ ጀርመንኛው ቢ1 ከደረሰ በ21 ወር። ዜግነቱን ከ5 ዓመት በኋላ መጠየቅ ይቻላል። ጀርመን ከሰኔ 2024 ጀምሮ ሁለት ዜግነት ትፈቅዳለች፤ የኛ ሕግ ግን የሌላ አገር ዜግነት የወሰደን ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል፤ የሚቀርለት የትውልድ መታወቂያው ቢጫ ካርድ ነው። እሱ የሩቁ ነው። የቅርቡ የቢ1 ፈተና ነው፤ የ6 ወር ልዩነት ያመጣል፣ ስለዚህ የሙከራ ጊዜው እንዳለቀ የማታ ክፍል ተመዝገቡ።